ሻጩ ከመቀበሉ በፊት የቤት ወይም የመሬት ግዢ ሐሳብን እንዴት መሻር ይቻላል

ለአንድ ቤት ወይም መሬት የግዢ ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረበ ሰው፣ ሻጩ ገና መልስ ሳይሰጥ ከሐሳቡ ለመመለስ የሚያስገድድ ምክንያት ሊገጥመው ይችላል። ባንኩ ይሰጣል የተባለውን ብድር ያሳንሳል፤ የባለቤትነት ማስረጃው ሲመረመር ያልተነገረ ዕዳ ወይም እግድ ይገኝበታል፤ ሥራ ይለወጣል፤ በቤተሰብ ላይ ሕመም ይደርሳል፤ አንዳንዴም ሰውየው በጥድፊያ የፈረመውን ወረቀት ማታ ተረጋግቶ ሲያነበው ዋጋው ከአቅሙ በላይ መሆኑን ይረዳል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሐሳቡ ከቀረበበት ሰዓት አንሥቶ ሻጩ እስከሚቀበልበት ሰዓት ድረስ ያለውን አጭር ጊዜ ነው። ሻጩ ከተቀበለ በኋላ ያለው ነገር ውል ይሆናል፤ ከውል መውጣት ደግሞ የራሱ ሕግና የራሱ ኪሣራ ያለው ጉዳይ ስለሆነ፣ እዚህ የሚነሣው ሁለቱ ጊዜያት በሚነካኩበት ቦታ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መያዝ አለበት። የግዢ ሐሳብ የሚሻረው ገዢው በወሰነ ጊዜ ሳይሆን፣ ውሳኔው ለሻጩ ወይም መልእክት እንዲቀበልለት ሥልጣን ለሰጠው ወኪል በደረሰ ጊዜ ነው። በልብ የተያዘ፣ ለትዳር ጓደኛ የተነገረ፣ ተጽፎ ያልተላከ፣ ሌላው ቀርቶ ለራስ ደላላ ተነግሮ ደላላው ለነገ ያሳደረው ውሳኔ በሕግ ፊት ገና ምንም አልሠራም። በዚህ መካከል ሻጩ እሺ ካለ፣ ገዢው ሊመለስ ቆርጦ እንደነበር ማስረዳቱ አይጠቅመውም። ስለዚህ መልስ የሚሹት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ መመለስ ይፈቀድልዎታል ወይ? ከተፈቀደልዎትስ መመለስዎን ሻጩ ከመቀበሉ በፊት እንዴት ያደርሱለታል?

መጀመሪያ የፈረሙትን ወረቀት ያንብቡ

ስልክ ከማንሣትዎ በፊት የፈረሙትን ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በተለይ ሐሳቡ የቀረበው በታተመ ቅጽ ከሆነ፣ ባዶ ቦታዎቹን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ደላላው ስለሆነ ገዢው ያላስተዋለው ቃል ሊኖርበት ይችላል። በቅድሚያ የሚፈለገው ሐሳቡ እስከ መቼ እንደሚጸና የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር በሁለት መልክ ይመጣል፤ የሁለቱ ልዩነትም ከባድ ነው። «ይህ ሐሳብ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተቀባይነት ካላገኘ ቀሪ ይሆናል» የሚለው ቃል ሐሳቡ የሚያበቃበትን ጊዜ ይወስናል እንጂ፣ ወደ ፊት እንደምናየው በብዙ አገሮች ከዚያ በፊት መመለስን አይከለክልም። «ገዢው ይህን ሐሳብ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ሊሽረው አይችልም» የሚለው ግን ገዢው ራሱን በራሱ ያሰረበት ቃል ነው። ለምሳሌ በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት የሚሠራበት መደበኛ የግዢ ቅጽ የያዘው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ገዢው እስከ ተጻፈው ቀንና ሰዓት ድረስ ሐሳቡ የማይሻር መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ሐሳቡ ቀሪ ይሆናል፣ በመያዣነት የሰጠውም ገንዘብ ያለ ወለድ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል።

እንዲህ ያለ ማሰሪያ ካለና የቀረው ሰዓት ጥቂት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጀው ጊዜው እስኪያልፍ በዝምታ መጠበቅ ነው። ሊመለስ እንደፈለገ የሚያስታውቅ ገዢ፣ ሲያመነታ የነበረውን ሻጭ ለመፈረም ሊያቻኩለው ይችላል። የቀረው ጊዜ ረጅም ሲሆን ግን ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ አንድም ሻጩ በፈቃዱ እንዲለቅዎት በጠበቃ በኩል መጠየቅ፣ አንድም የማሰሪያው ቃል በዚያ አገር ሕግ በእርግጥ የሚያስር መሆን አለመሆኑን ማስመርመር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሰነዱ ስለ ማስታወቂያ አሰጣጥ ምን እንደሚል ይፈልጉ። ብዙ ቅጾች ማንኛውም ማስታወቂያ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛሉ፤ የትኛው የኢሜይል አድራሻ ወይም የትኛው ቢሮ ማስታወቂያ መቀበያ እንደሆነም በስም ይጠቅሳሉ። ይህን የሚጠቅስ ቃል ካለ በእሱ መሠረት መላክ ግዴታዎ ነው፤ ሻጩን በመንገድ አግኝተው በቃል ቢነግሩት በኋላ ለክርክር በር ይከፍታሉ። በመጨረሻም ከሐሳቡ ጋር ገንዘብ ወይም ቼክ ሰጥተው እንደሆነ፣ ማን እጅ እንዳለና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ የሚናገረውን አንቀጽ ለይተው ምልክት ያድርጉበት።

ሕጉ በየአገሩ የሚለያየው የት ላይ ነው

በእንግሊዝ ሕግና ከእሱ በተቀዱት የሕግ ሥርዓቶች መነሻው ለገዢው የሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 በፔይን እና በኬቭ መካከል በነበረ ክርክር፣ በጨረታ ላይ ዋጋ የሰጠ ሰው የአጫራቹ መዶሻ ከመውደቁ በፊት ዋጋውን ሊያነሣ እንደሚችል ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1828 የተወሰነው የራውትሌጅ እና የግራንት ክርክር ደግሞ ከያዝነው ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ግራንት የአንድን ቤት የኪራይ መብት ለመግዛት ሐሳብ አቅርቦ ለባለመብቱ የ6 ሳምንት ማሰቢያ ጊዜ ሰጠው፤ 6 ሳምንቱ ሳይሞላ ግን ሐሳቡን ሻረ። ባለመብቱ በቀረው ጊዜ ውስጥ ተቀብያለሁ ብሎ ቢከራከርም አልተሳካለትም፤ ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ነጻ ሆኖ ሌላው ብቻ የሚታሰርበት ምክንያት የለም አለ። ከዚህ የሚገኘው ደንብ፣ «እስከዚህ ቀን እጠብቃለሁ» የሚል ተስፋ ብቻውን አያስርም የሚል ነው። የሚያስረው ሻጩ ለዚያ ተስፋ በምላሹ ዋጋ ያለው ነገር ሲሰጥ፣ ወይም ተስፋው ልዩ ሥርዓት ባለውና ማኅተም ባረፈበት ሰነድ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የማይሻር ነው የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ ቢገኝም፣ በምን አኳኋን እንደ ተሰጠ ጠበቃ ሳያየው ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ከሮማ ሕግ የወረዱት የአውሮፓ ሥርዓቶች ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 145፣ ሐሳብ ያቀረበ ሰው አልታሰርም ብሎ በግልጽ ካላስቀረ በስተቀር በሐሳቡ ይታሰራል ይላል። መሻር የሚቻለው በአንቀጽ 130 መሠረት የመሻሪያው ቃል ከሐሳቡ በፊት ወይም ከሐሳቡ ጋር እኩል ለተቀባዩ ከደረሰ ብቻ ነው። ነገር ግን እዚያው አገር የመሬትና የቤት ሽያጭ በውል አዋዋይ ፊት መፈጸም ስላለበት፣ በተራ ደብዳቤ የቀረበ የግዢ ሐሳብ ገዢውን እንዲገዛ አያስገድደውም። በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1116፣ ሐሳብ አቅራቢው የወሰነው ጊዜ ሳያልፍ፣ ጊዜ ካልወሰነ ደግሞ ለማሰብ የሚበቃ ምክንያታዊ ጊዜ ሳያልፍ መመለስ እንደሌለበት ይደነግጋል። እዚህ ላይ የሚገርመውና ለገዢ የሚጠቅመው ውጤቱ ነው፤ ያለ ጊዜው የተመለሰ ገዢ ውል ተዋውለሃል አይባልም፤ ኪሣራ ሊጠየቅ ቢችልም፣ ኪሣራው ሻጩ ከሽያጩ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ትርፍ አይጨምርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ ሁለተኛ ወገን ነው። በአንቀጽ 1690 መሠረት ለመቀበያ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ይታሰራል፤ በአንቀጽ 1691 መሠረት ጊዜ ያልወሰነውም ሌላው ወገን ለመወሰን እስከሚበቃው ተገቢ ጊዜ ድረስ ይታሰራል፤ አንቀጽ 1693 ደግሞ ሐሳቡ ቀሪ የሚሆነው ተቀባዩ መሻሩን ከሐሳቡ በፊት ወይም ከሐሳቡ ጋር እኩል ባወቀ ጊዜ ነው ይላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ስለሚል፣ በቃል ብቻ የተወረወረ ዋጋ ገዢውን ወደ ሽያጭ ውል አይወስደውም።

ይህን ያህል የዘረዘርነው፣ ከአንድ አገር የተገኘ ምክር ወደ ሌላው ተወስዶ ሲሠራበት ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ንብረቱ የሚገኝበት አገር ሕግ እንጂ ገዢው የሚኖርበት አገር ሕግ አይደለም። በውጭ ተቀምጦ በሌላ አገር ያለ ቤት ለመግዛት ሐሳብ ያቀረበ ሰው ይህን ነጥብ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ሻጩ ተቀበለ የሚባለው መቼ ነው

መመለስ ይፈቀድልዎታል እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማን ቃል ቀደመ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ደቂቃዎች ዋጋ ይኖራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1892 በእንግሊዝ የተወሰነው የሄንቶርን እና የፍሬዘር ክርክር ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። አንድ የቤት ማኅበር ጥቂት ቤቶችን በ750 ፓውንድ ለመሸጥ ለሄንቶርን ሐሳብ አቀረበና የ14 ቀን ጊዜ ሰጠው። በማግስቱ ማኅበሩ ሐሳቡን ለውጦ ከቀኑ 6 እና 7 ሰዓት መካከል የመሻሪያ ደብዳቤ በፖስታ ላከ። ደብዳቤው የደረሰው ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ሄንቶርን ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ላይ መቀበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገብቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ውል ተመሥርቷል አለ፤ ምክንያቱም በፖስታ የተላከ መቀበያ በተላከበት ቅጽበት ሲጸና፣ መሻሪያ ግን የሚጸናው ሲደርስ ነው። በዚህ ጉዳይ የተመለሰው ሻጩ ቢሆንም ደንቡ ለገዢም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የተወሰነው የበርን እና የቫን ቲንሆቨን ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ የመሻሪያው ደብዳቤ በጥቅምት 8 ከካርዲፍ ተልኮ ኒውዮርክ በጥቅምት 20 ሲደርስ፣ በመካከሉ ተቀባዩ ጥቅምት 11 ቀን በቴሌግራፍ መቀበሉን አስታውቆ ስለነበር መሻሪያው ዋጋ አጣ።

ስለዚህ መሻሪያን በተራ ፖስታ ብቻ መላክ ፈጽሞ አይመከርም። የአደራ ደብዳቤ ማስረጃ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ለፍጥነት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1876 በዲኪንሰን እና በዶድስ ክርክር፣ ሐሳቡ መሻሩን ተቀባዩ ከሌላ ሰው መስማቱ እንኳ በቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ይህን ተማምኖ ወሬው ሻጩ ጆሮ እስኪደርስ የሚጠብቅ ገዢ ራሱን ለፍርድ ቤት ዕጣ ይሰጣል።

የመቀበያው ሰዓት የት ላይ እንደሚወድቅ ሰነዱ ራሱ ሊወስን ይችላል። ብዙ የአሜሪካ የግዢ ቅጾች ሻጩ መፈረሙ ብቻ ሳይሆን፣ የተፈረመው ቅጂ ለገዢው ወይም ለገዢው ወኪል መድረሱን ይጠይቃሉ። እንዲህ ከሆነ ሻጩ ትናንት ማታ ፈርሞ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ቢያሳድር፣ ዛሬ ጠዋት የደረሰው መሻሪያ ይቀድማል ማለት ነው። ሻጮቹ ባልና ሚስት ወይም ወራሾች ከሆኑም አንዱ ብቻ የፈረመበት መቀበያ አብዛኛውን ጊዜ ያልተሟላ ስለሆነ፣ የቀረው ፊርማ እስኪገባ ድረስ ጊዜ ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ የመሬትና የቤት ሽያጭ ውል ስምምነቱን በሙሉ በያዘና ሁለቱም በፈረሙበት ጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ስለሚል፣ ሻጩ ዋጋውን ተቀብያለሁ ካለ በኋላም እንኳ የተፈረሙት ውሎች እስኪለዋወጡ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ያለ ኪሣራ መተው ይችላሉ።

ሻጩ ዋጋውን፣ የርክክቡን ቀን ወይም ሌላ ነጥብ ለውጦ ከመለሰልዎ ደግሞ ነገሩ ቀላል ይሆናል። የተለወጠ መልስ መቀበል አይደለም፤ የእርስዎን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ በምትኩ የራሱን አዲስ ሐሳብ ማቅረቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በሃይድ እና በሬንች ጉዳይ በ1000 ፓውንድ እንዲገዛ ሐሳብ የቀረበለት ሰው 950 ፓውንድ ብሎ ከመለሰ በኋላ ተመልሶ በ1000 እገዛለሁ ቢል፣ የመጀመሪያው ሐሳብ በራሱ መልስ ሞቷል ተብሎ ተረታ። ስለዚህ የአጸፋ ሐሳብ በእጅዎ ካለ ከእርስዎ የሚፈለገው አለመፈረም ብቻ ነው። ቢሆንም «የአጸፋ ሐሳቡን አልቀበልም፤ የቀድሞውም ሐሳቤ የጸና አይደለም» የሚል አጭር ጽሑፍ መላክ ብልህነት ነው፤ ሻጩ በማግስቱ ሐሳቡን ለውጦ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ፈርሞ ቢመጣ የሚያስነሣው ክርክር ከወዲሁ ይዘጋል።

ማስታወቂያውን መጻፍና ማድረስ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ስልክ፣ ወዲያውኑ ጽሑፍ፣ ከዚያ የመድረስ ማረጋገጫ። ስልኩ የሚያስፈልገው ስለሚፈጥን ነው፤ የራስዎ ወኪል ካለ ለእሱ ይደውሉና ለሻጩ ወኪል በዚያው ደቂቃ እንዲያስታውቅ ይንገሩት። ሲነግሩት «እያሰብኩበት ነው» ወይም «ብንቆይ ይሻል ይመስለኛል» አይበሉ፤ እንዲህ ያለው ቃል መሻር አይደለም፤ ወኪሉም በቅንነት ሊያባብልዎት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። «ሐሳቤን ሽሬአለሁ፤ አሁኑኑ አስታውቅልኝ፤ ማስታወቅህንም ጻፍልኝ» ይበሉ። የወኪሉ ክፍያ በሽያጩ መፈጸም ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ይህን ማለት ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ በስልክ ባሉት ላይ ብቻ እንዳይመኩ የሚያስጠነቅቅ ምክንያት ነው። ወኪሉ ካልተገኘ፣ ሰነዱ እስካልከለከለ ድረስ ለሻጩ ወኪል ወይም ለሻጩ በቀጥታ ይላኩ።

ጽሑፉ አጭር፣ የማያሻማና ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ይሁን። የሚከተለውን ዓይነት ቃል መጠቀም ይቻላል፦

«ቀን … ሰዓት …
ለአቶ/ለወይዘሮ … በወኪላቸው በ … በኩል
ጉዳዩ፦ የግዢ ሐሳብን ስለ መሻር
በ … አድራሻ የሚገኘውን ንብረት ለመግዛት በ … ቀን ፈርሜ ያቀረብኩትን የግዢ ሐሳብ ይህ ማስታወቂያ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሽሬአለሁ። ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ሐሳቤ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚያስታውቅ መልስ አልደረሰኝም። ከሐሳቡ ጋር የሰጠሁት … እንዲመለስልኝ፣ ይህ ማስታወቂያ የደረሰበትም ቀንና ሰዓት በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ስም … ፊርማ …»

በዚህ ጽሑፍ ላይ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ ሆን ተብሎ ነው። መሻር በሚፈቀድበት ጊዜ ምክንያት መስጠት ግዴታ አይደለም፤ የተጻፈ ምክንያት ግን ለመከራከሪያ ይውላል። «ጣሪያው ስለሚያፈስ» ብለው ቢጽፉ ሻጩ ጣሪያውን አሠራለሁ ብሎ ይመጣል፤ «ብድር ስላልተፈቀደልኝ» ብለው ከጻፉና ብድሩ በኋላ ከተፈቀደ ደግሞ ቃልዎ ይጠቀስብዎታል። ለሻጩ በትሕትና ማስረዳት ከፈለጉ በወኪሉ በኩል በቃል ያድርጉት፤ ቤቱን ለመሸጥ ተስፋ አድርጎ የነበረ ሰው ጥሩ ቃል ይገባዋል። ሰዓቱን ሲጽፉም ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ይግለጹ፤ ገዢና ሻጭ በተለያየ የሰዓት ክልል ያሉ እንደሆነ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነም ይጨምሩ። በሐሳቡ ላይ ከአንድ በላይ ገዢዎች ፈርመው ከሆነ ሁሉም በመሻሪያው ላይ ይፈርሙ፤ አንዱ ብቻ የሻረው ሐሳብ የቀረውን ገዢ ይዞ ሊቀጥል ይችላል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላልና።

ሲልኩ በአንድ መንገድ ብቻ አይወሰኑ። ሰነዱ በሚያዝዘው አድራሻ ኢሜይል ይላኩ፤ ኢሜይል መላክዎን በአጭር የስልክ መልእክት ያስታውቁ፤ የሻጩ ወኪል ቢሮ ቅርብ ከሆነ ደግሞ አንድ ቅጂ በእጅ አድርሰው በሁለተኛው ቅጂ ላይ የደረሰበትን ሰዓት አስፈርመው ይመለሱ። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ግን ከሌላው ወገን የሚመጣ «ደርሶኛል» የሚል አንድ መስመር ነው። እሱ እስኪመጣ ድረስ ይወትውቱ። ሐሳቡ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ መድረክ የተላከ ከሆነ፣ ሰነዱን እዚያው ላይ እንዲሰርዘው ለላከው ወኪል ይንገሩት፤ ሻጩ ሊፈርምበት የሚችለው ወረቀት ስለሚዘጋ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ ወርዶ የታተመ ቅጂ ሊኖር ስለሚችል የጽሑፍ ማስታወቂያውን አይተካም። የላኩትን፣ የደረሰዎትን፣ የደወሉበትን የስልክ መዝገብ ሁሉ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ምንም አይሰርዙ።

የሚፈልጉት መተው ሳይሆን ዋጋውን ወይም አንድን ሁኔታ መለወጥ ብቻ ከሆነ፣ የቀድሞውን ሐሳብ ሳይሽሩ አዲስ አይላኩ። ሁለት የጸኑ ወረቀቶች በሻጩ እጅ ሲገኙ እሱ የሚፈርመው የሚጠቅመውን ነው። በአዲሱ ሐሳብ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይህ ሐሳብ በዚህ ቀን የቀረበውን ሽሮ የተተካ መሆኑን ይጻፉ።

ቀብዱና የተሰጠው ገንዘብ

ውል ከመመሥረቱ በፊት በአግባቡ የተሻረ ሐሳብ ገንዘብ አያስቀርም፤ ገንዘቡ የተሰጠው ለውሉ መያዣ ነበርና ውሉ ሳይኖር የሚያዝበት ምክንያት የለም። ለገንዘቡ ደረሰኝ ሲቀበሉ ግን የተጻፈበትን ቃል ልብ ይበሉ። በአንዳንድ ሕጎች ቀብድ መሰጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል፤ የኢትዮጵያው ሕግ በአንቀጽ 1883 የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቀብድ ሰጥቶ የተመለሰም ቀብዱን ያጣል። ስለዚህ ከሐሳብ ጋር ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ደረሰኙ «ሻጩ ሐሳቡን እስኪቀበል ድረስ በአደራ የተያዘ» እንዲል አስቀድሞ ቢያደርግ ራሱን ይጠብቃል። ለአሁኑ ጉዳይ ይህ ካለፈ፣ ደረሰኙን ለጠበቃ ያሳዩ።

ቼኩ ገና ባንክ ካልገባ ቼኩን ራሱን ይዘው ይመለሱ። ክፍያውን በባንክ ማሳገድ የሚገባው የመሻሪያ ማስታወቂያው መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ሐሳቡ ጸንቶ ሳለ ያሳገዱት እንደሆነ፣ በመካከሉ ሻጩ ቢቀበል ውሉን ያፈረሱት ራስዎ ይሆናሉ። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን የአደራ ሒሳብ ውስጥ ካለ ደግሞ ያዡ ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ወገኖች ፊርማ ያለበት የመልቀቂያ ወረቀት ይጠይቃል፤ ይህን ወረቀት ሻጩ ነገሩ ትኩስ ሳለ እንዲፈርም ማድረግ በኋላ ከመለመን ይቀላል።

መሻሪያውና መቀበያው ከተላለፉ

አንዳንድ ጊዜ መሻሪያዎን ልከው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሻጩ የፈረመበት ወረቀት ይደርስዎታል። በዚህ ጊዜ በስልክ አይከራከሩ፤ የማን ቀደመ የሚለው በሰዓት ማስረጃ እንጂ በድምፅ አይወሰንም። የደረሰዎትን ወረቀት ሳይፈርሙበት፣ ሐሳብዎ ከዚያ በፊት መሻሩን የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር በጽሑፍ ይመልሱና በዚያው ቀን ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያ ድረስ ውል እንዳለ የሚያስመስል ሥራ አይሥሩ፤ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፣ የቤት መርማሪ መላክ፣ የርክክብ ቀን መነጋገር ሁሉ ውሉን እንደተቀበሉት ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። መቀበያው ቀድሞ ሆኖ ከተገኘም በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ብዙ የግዢ ሰነዶች ብድር ማግኘትን፣ የቤት ምርመራን ወይም የባለቤትነት ማጣራትን በሁኔታነት ስለሚይዙ፣ በእነዚህ በኩል በሕግ መውጣት ይቻል እንደሆነ ጠበቃው ይመለከታል።

መሻሩ ያለ ክርክር ካለቀ የሚቀረው ጥቂት ነው። ለባንኩ ወይም ለአበዳሪው በዚያ ንብረት ላይ የተጀመረው የብድር ጥያቄ እንዲቆም ይንገሩ፤ የቀጠሩትን መርማሪና ገማች ሥራ ሳይጀምሩ ያስቁሙ። ሌላ ቤት ላይ ሐሳብ ለማቅረብ ከፈለጉ ግን የመጀመሪያው ሐሳብ መሻሩን የሚያረጋግጠው ጽሑፍ በእጅዎ እስኪገባ ይጠብቁ፤ ሁለት ሐሳቦች በአንድ ጊዜ ጸንተው ሁለት ሻጮች ቢቀበሉ፣ አንድ ብድር ብቻ ያለው ገዢ በሁለት ውል ይታሰራል።